ከቤታቸው የራቁ ሰዎች መጽሐፍ

በቴሌግራም ከሚላኩ ጥቅሶች ሁሉ ኤርምያስ 29፥11ን የሚያህል ካለ ንገሩኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ በሚያሳይ ፎቶ ላይ በነጭ ፊደል ተጽፎ፣ ስለ ሰላም ሐሳብና ስለ ተስፋ የሚናገረውን ማለቴ ነው። አባቴ ያረፈ ሰሞን ለእኔም ከ11 ሰው ደረሰኝ። የላኩልኝን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ድንኳን ውስጥ አብረውን ያደሩ ናቸው። ጥቅሱ ግን አልገባ አለኝ። የሰርግ ካርድ በለቅሶ ቤት እንደ መቀበል ያለ ነገር ሆነብኝ።

ከሰልስቱ በኋላ አንድ ምሽት ምዕራፉን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ለካ ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም፣ ናቡከደነፆር ማርኮ ባቢሎን ለወሰዳቸው ሰዎች የላከው ደብዳቤ። ከዚያ ታዋቂ ጥቅስ በፊት የሚመጣውን ነገር ማንም በፎቶ ላይ አይጽፈውም። ቤት ሥሩ ይላቸዋል። አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለማረካችሁ ከተማ ጸልዩ ይላቸዋል። ቀጥሎ ቁጥሩ ይመጣል፦ 70 ዓመት። ደብዳቤው ሲነበብ ቆሞ የሰማ የ40 ዓመት ሰው ስሌቱን ወዲያው ይሠራዋል፤ እሱ አይደርስበትም። የተስፋው ቃል የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኔን ያጽናናኝ ጥቅሱ ሳይሆን ይሄ የአትክልት ነገር ነው። ያዘነ ሰው የሚሠራው ነገር ተሰጠው።

በትርፍ ጊዜዬ የቆዩ የግዕዝና የአማርኛ ኅትመቶችን ከምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሶፍትዌር ላይ እሠራለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ጓደኞቼ «የንስሐ ፕሮጀክት» ይሉታል። በዚያ ሰሞን የድሮዎቹን መጽሐፎች ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር አንድ ነገር አየሁ። የመጀመሪያው በማተሚያ የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ አዲስ ኪዳን፣ የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመጀመሪያው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ፤ አራቱም የታተሙት ከአገር ውጭ ነው። የሠሯቸውም ከቤታቸው ርቀው፣ ወይም ከቤታቸው ተወስደው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በችግራችን ጊዜ የምንከፍታቸው መጽሐፎች ከየት እንደመጡልን ለማየት ይህ ይበቃል ብዬ አስባለሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አለበለዚያ እኔም እናንተም እንምታታለን።)

መጀመሪያ ሮም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዛሬም ቆማለች። በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለሐበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆና ተሰጠች። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ከኮሎኝ የመጣ ጀርመናዊ ቄስ እነዚህ ሰዎች ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ግን በመካከሉ የቅዱሳን ስም ሰምቶ ለየ። ከዚያም አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል መነኩሴ ሥር ተቀምጦ ግዕዝ ተማረ፤ ፊደሉን አስቀርጾም በ1513 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዓለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መሰየሙን ይቅር እንበለው።

የታተመው መጽሐፍ ዳዊት ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! መነኮሳቱ አፋቸው ላይ የነበረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዳዊት የሚደግም ሰው መጽሐፉን የሚከፍተው ሲከፋው ብቻ አይደለም። 150ው መዝሙር በአሥር በአሥር ተከፍሎ 15 «ንጉሥ» ይሆናል። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ። ቆንጆ አልጎሪዝም ነው፤ ሰውየው ዛሬ የሚያነበውን አይመርጥም። ስለዚህ ደስ ብሎት ባደረበት ሐሙስ 87ኛው መዝሙር ይመጣበታል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሞታ የሆነው፣ አንድም የተስፋ ዓረፍተ ነገር ሳይጨመርበት በጨለማ የሚዘጋው። በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው የሚያለቅሱት ደግሞ በየቅዳሜው ይመጣሉ፤ 136ኛው ላይ። (በስልካችሁ ያለው አፕ 88 እና 137 ሊላቸው ይችላል። የግዕዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን ቁጥር ስለሚከተል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያስማማ ኮድ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ሐዘኔ ይገባዋል።)

አያቴ ይህን ሁሉ ሳታብራራ ታደርገው ነበር። እኛ አፕ ላይ «የዛሬ ጥቅስ» ስንል የሚመጣልን ግን ተጣርቶ ነው፤ ልቅሶው ወጥቶለት። ሮም ውስጥ፣ ቋንቋቸውን ማንም በማይሰማበት ከተማ፣ እነዚያ መነኮሳት በየሳምንቱ ቅዳሜ በባዕድ አገር ስለ መዘመር የሚጠይቀውን መዝሙር ይሉት ነበር። የእነሱ ማጽናኛ ልቅሶን አላወጣም፤ ቀን ቆርጦ አስገብቶታል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ለኢትዮጵያ ክፉ ናቸው። በ1529 በሽምብራ ኩሬ የአፄ ልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ብራና እንደ ዛሬ ፋይል ኮፒ አይደረግም፤ አንድ መጽሐፍ ከተቃጠለ ብዙ የበግና የፍየል ቆዳ፣ የአንድ ጸሐፊ ብዙ ወራት ነው የሚቃጠለው። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1530ዎቹ ሮም ነበር። ጣሊያኖቹ «ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊው» ይሉታል። ጳጳሱ ጳውሎስ ሦስተኛ ያውቁት ነበር፣ የቤተ መንግሥታቸው ምሁራንም ወዳጆቹ ሆኑ። ተመችቶት መኖር ይችል ነበር ማለት ነው።

እሱ ግን ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከሚባሉ ሁለት ወንድሞች ጋር ሆኖ የግዕዝ አዲስ ኪዳን ለማሳተም ተነሣ። ማተሚያ ቤቱ የቫሌሪዮ ዶሪኮና የወንድሙ ነው፤ በኋላ በ1554 የፓለስትሪናን የመጀመሪያ የቅዳሴ ዜማዎች መጽሐፍ ያሳተሙት ሰዎች ናቸው። ግዕዝ ግን አንዲት ፊደል አያነቡም። ሥራው በ1548 ወጣ፤ የጳውሎስ መልእክታት በ1549 ተከተሉ።

በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ የቀረበ የይቅርታ ቃል አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስቀኛል፣ ከዚያ ዝም ያሰኘኛል። አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ በስሕተቱ አትፍረዱብን ይላል በግርድፉ፤ ያተሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ነው የተረዳዳነው። አስቡት እስቲ። አገሩ በጦርነት የታመሰበት ሰው፣ ቋንቋውን ከማያውቅ ባለሙያ አጠገብ ቆሞ፣ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ሲለቀም «ኧረ እሱ ሀ ሳይሆን ሐ ነው» ሲል።

ሌላም አለ። የሐዋርያት ሥራ ላይ ሲደርሱ የያዙት የግዕዝ ቅጂ ጎዶሎ ሆነ። አገር ቤት ልኮ ሌላ ቅጂ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ምን አደረጉ? የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው ተረጎሙት፤ ይህንንም አልደበቁም፤ አብዛኛው የሐዋርያት ሥራ ቅጂ በመጥፋቱ እዚሁ ሮም የተተረጎመ መሆኑን እዚያው መጽሐፉ ላይ ጻፉት። እኔ ይህን ሳነብ በሙያዬ አየዋለሁ። ባካፑ የጎደለበት ሲስተም፣ ከሌላ ምንጭ ዳታውን መልሶ መሙላት፣ ከዚያ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ኮሜንት መተው፦ ይህ ክፍል ከየት እንደመጣ እወቅ። ብዙ የከፋቸው ሰዎች ይህን ያህል ሐቀኞች አይደሉም።

የጠፋባቸው መጽሐፍ ምን እንደሆነም ልብ በሉ። የሐዋርያት ሥራ በእስጢፋኖስ መገደል ምክንያት ምእመናን የተበተኑበት፣ ጃንደረባው ኢትዮጵያዊ በሠረገላ ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ የተገኘበት መጽሐፍ ነው። እሱም ከቤቱ ርቆ፣ በእጁ ያለውን ጽሑፍ ሳይገባው፣ የሚያስረዳው ሰው የሚፈልግ መንገደኛ ነበር። ይህን ክፍል በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም በተሰየመ ቤት የሚኖሩ ሐበሾች ናቸው ለኅትመት ያዘጋጁት። ተስፋ ጽዮን ሥራው ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመት አልቆየም። መታሰቢያው እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ወደ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ልዝለልና ካይሮ ልውረድ። በመካከሉ ብዙ ነገር አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን አያስፈልገኝም።

አቡ ሩሚ የሚባለው ጎጃሜ መነኩሴ የተጓዘውን ያህል የተጓዘ ሐበሻ በዘመኑ ጥቂት ነው፦ ኢየሩሳሌም፣ ሶርያ፣ አርመን፣ ፋርስ፣ ህንድ ድረስ። ካይሮ ሲመለስ በጠና ታመመ። በዚያ የነበረ አስሊን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አስታመመው፤ ዳነ። ከዚያ ሁለቱ አንድ ሥራ ጀመሩ፤ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መመለስ። ያን ጊዜ አማርኛ የገበያና የቤተ መንግሥት ቋንቋ ነው፤ የመጽሐፉ ቋንቋ ግዕዝ ነበር። እናትህ የምታወራበት ቋንቋ ኢሳይያስን ይሸከማል ብሎ ማሰብ ራሱ ድፍረት ይጠይቃል።

አሠራራቸውን ፈረንሳዊው በኋላ ተናግሮታል። አሥር ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሩ ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ሁለቱ ቁጭ ብለው የዓረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር በዝግታ ያነባሉ። የሚከብድ ቃል ሲመጣ አስሊን ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስቱ፣ ወደ ሰብዓ ሊቃናት ይሄዳል፤ አቡ ሩሚ ሲገባው በአማርኛ ያወርደዋል። ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ።

ልማድ ነውና አሰላሁት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር ዓመት፣ ወደ 1,040 ቀን ይመጣል። በአንድ ቀን ዘጠኝ ገጽ ገደማ። ጀግንነት የሚመስል ቁጥር አይደለም፤ ማንም ሰው በአንድ ቀን ዘጠኝ ገጽ ይሠራል። ማንም ሰው 1,040 ጊዜ አይሠራም እንጂ። ሰቆቃወ ኤርምያስ ላይ የደረሱበት ማክሰኞ አለ ማለት ነው። ኢዮብ ቁስሉን በገል ሲያክ፣ ከበሽታ አልጋ የተነሣ ሰው «ገል» የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጎጃም ፈልጎ ያመጣበት አንድ ቅዳሜ አለ። እንዲህ ያለ ቀን ላይ መጽሐፍ ያጽናናል ሲባል ምን እንደሚመስል ሳስብ፣ ዓይን መዝጋትና ሙዚቃ አይታየኝም። የተዘጋ በርና «ይሄን በእኛ ቋንቋ ምን እንበለው?» የሚል ጥያቄ ነው የሚታየኝ።

አቡ ሩሚ ሥራውን ጨርሶ ኢየሩሳሌምን ተሳለመ፣ ወደ ካይሮ ተመለሰ፣ በወረርሽኝ ሞተ። አንዲት ገጽ ታትማ አላየም። በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል እንግሊዛዊ የእጅ ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 ወጣ። እንደ ኤርምያሱ የ40 ዓመት ሰው ነው፤ ስሌቱ እሱን አላካተተውም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብደኛል።

በ1850ዎቹ አጋማሽ ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ሂካ አሉት። በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ አርታዒው ይሰርዘው ነበር። በልጅነቱ ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ ስምንት ጊዜ ተሸጠ። በ1870 ምፅዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣውና እምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጠው። በ1872 ሲጠመቅ ስሙ ኦኔሲሞስ ሆነ።

ስሙ ከየት እንደመጣ ለማየት ፊልሞናን ክፈቱ። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር፤ ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ፣ ኦኔሲሞስ ስለሚባል ከጌታው ስለተለየ ባሪያ ለዚያው ጌታው የጻፈው ደብዳቤ ነው። ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ይለዋል። ስምንት ጊዜ የተሸጠ ወጣት ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ስም ይዞ ወጣ። ለአብርሃም ወይም ለዳዊት ስም ማን ይከለክለው ነበር? ባሪያ የነበረውን ሰው ስም ያዘ፤ ወንድም የተባለውን።

ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረና ተመለሰ። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ፤ መንገዱ እምቢ አለ። በአንዱ ሙከራ ታሞ ሊሞት ደርሶ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ እምኩሉ ቁጭ ብሎ መተርጎም ያዘ። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ኦሮምኛው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። ያም ሰላም አልሆነለትም፦ በ1906 ተከሶ በአቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ተፈረደበት፤ አፄ ምኒልክ ውሳኔውን ለውጠው ነቀምቴ እንዲኖር፣ እንዳይሰብክ አሉ፤ የመስበክ ፈቃዱን ያገኘው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። በ1931 አረፈ።

ግን አንድ ቴክኒካዊ ችግር ነበረበት፤ ብዙዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ይዘሉታል። በልጅነቱ የተነጠቀ ሰው የልጅ ቋንቋ ነው ይዞ የሚወጣው። ለመዝሙረ ዳዊት፣ ለኢሳይያስ፣ ለሮሜ መልእክት የሚበቃ ኦሮምኛ ከየት ይምጣ?

በ1886 የጣሊያን የጦር መርከብ ባሪያዎች ጭና ወደ የመን ስትሄድ የነበረች መርከብ ያዘች። ከተፈቱት መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ ቀደም ብሎ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት ነበር። እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አስተማሪዎቹ ቋንቋዋ ምን ያህል የሰፋ እንደሆነ አዩ፤ የቃላት መዝገብ እንድታዘጋጅ አደረጉ። የኦኔሲሞስ ትርጉም የቆመው በዚያ ላይ ነው። ዛሬ ስለዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ስናወራ ብዙ ጊዜ የእሱን ስም ብቻ ነው የምንጠራው።

ከመዝገቡ ሌላ፣ ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ከቃሏ ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 እምኩሉ ላይ ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በኋላ እሷም ነቀምቴ ተመልሳ ልጆች አስተማረች።